ምጣዱን የምትሠራልን እናት

እኅቴ ሆይ፣ ዛሬ ጧት ለልጆችሽ ያቀረብሽው እንጀራ በስንት ሰው እጅ አልፎ ከገበታሽ እንደ ደረሰ አስበሽ ታውቂያለሽ? «ጤፉን ከእህል በረንዳ ገዛሁ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጨሁ፣ አቡክቼ ጋገርሁ» ትዪ ይሆናል። ልክ ነሽ። ጤፉም ምናልባት ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ዙሪያ የመጣ ነጭ ጤፍ ይሆናል። ነገር ግን ያ ጤፍ የበቀለበት መሬት በማረሻ ታርሷል፤ ማረሻውን ያወጣው ቀጥቃጩ ነው። አዝመራው የታጨደበትን ማጭድ የሠራውም እሱው ነው። ገበሬው ስንቁን የያዘበት አገልግል የፋቂው ቆዳ ለብሷል። ማታ የለበሰው ጋቢ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነው። አንቺ ሊጡን ያዞርሽበት ምጣድ ደግሞ አንዲት ሴት በእጇ አበጅታ በእሳት ያበሰለችው ሸክላ ነው። «እኔ የምጋግረው በኤሌክትሪክ ነው» ካልሽም አክምባሎውን አንሥተሽ ተመልከቺ፤ ከሽቦው በላይ የተንጣለለው ያው ሸክላ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ሴትና ስለ ባለሙያ ወገኖቿ እንጨዋወታለን። የገጠር ጉዳይ መስሎሽ ገጹን እንዳታልፊው አደራ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከጓዳሽ፣ ከልጅሽ መኝታና ከልጅሽ ሠርግ ይደርሳል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ሞጣን እያለ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። በስተግራው የጮቄ ተራራ ይታየዋል፤ በስተቀኙ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቢቸናና ሞጣ በዱሮው አስተዳደር የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። አገሩ የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የአርበኝነት አገር ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተነሣው የጎጃም ገበሬ ዐመፅ ከጸናባቸው ሥፍራዎችም ቢቸናና ሞጣ ይጠቀሳሉ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያቆሙባት ዲማም በዚሁ አካባቢ ናት። ዘር መቁጠር የስንቱን ቤት እንደሚያፈርስ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተጋጩት ግን ባላባቱና ድኻው የቆሎ ተማሪ ናቸው። ከሁለቱም በታች፣ ከገበያው ዳር፣ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። በዐመፁም ሆነ በአርበኝነቱ ታሪክ ውስጥ የዚያ ሰው ስም እምብዛም ሲጠራ አይሰማም። ስለ እሱ ነው የምናወራው፤ ይልቁንም ስለ እሷ።

በገበያ ቀን ሸክላ ተራውን ለማግኘት ብዙ አትደክሚም። ጀበናው፣ ድስቱ፣ እንስራው፣ ምጣዱ በመሬት ላይ ተደርድሮ፣ ባለቤቲቱ ከኋላው ተቀምጣለች። ለዚያ ቀን ለመድረስ ስንት ሥራ እንደ ሠራች ከሩቅ አይታይም። ለሸክላ የሚሆነው አፈር ከየትም አይዛቅም፤ የትኛው እንደሚሆን የምታውቀው እሷ ናት። ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣዋለች። ታሰጣዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ትነፋዋለች። እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። ከዚያ ውሃ ጨምራ እስኪላቆጥ ታሸዋለች። እንደ ፋብሪካው የሚሽከረከር መዘውር የላትም፤ መዘውሯ የገዛ መዳፏ ነው፣ ልኳ የገዛ ዓይኗ ነው። የምጣዱን ክብ ያለ መለኪያ ታወጣዋለች። በጥላ ታደርቀዋለች፤ ፀሐይ በቶሎ ካገኘው ይሰነጠቃልና። በለስላሳ ድንጋይ እየወለወለች ታሳምረዋለች። በመጨረሻም ኩበትና እንጨት፣ ጭድም ከምራ ሜዳ ላይ ታቃጥለዋለች። በዚያ ሰዓት ነፋስ ቢነሣ፣ ዝናብ ቢጥል ወይም አፈሩ ጥቂት እርጥበት ይዞ ቢሆን የብዙ ቀን ድካሟ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የተረፈውን በጀርባዋ አዝላ ገበያ ታወጣለች። በመንገድ የሚሰበረውም ኪሣራ የሷው ነው።

አንቺ ጎመን ዘር አሽተሽ ምጣድሽን ስታሟሺ ሥራውን የጀመርሽው ይመስልሻል። ከአንቺ በፊት ግን አንዲት ባለሙያ ጨርሳዋለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በሠፈሯ ምን ትባላለች? «ባለሙያ» ተብላ ብትጠራ ደግ ነበር። የዘመናት ስሟ ግን «ቡዳ» ነው። ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ተሰድቧል፤ ቡዳ የሚለው ስም ግን ከስድብ የከፋ ነው። ዓይኗ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች፣ የወዛ ሕፃን አይታ አታልፍም ተብሏል። ስለዚህም እሷ ስታልፍ የሕፃን ፊት ይሸፈናል፣ የወተት ዕቃ ይከደናል። ሸክላዋ ከቤት ይገባል፤ ራሷ ግን ከደጅ ትመለሳለች። በጀበናዋ የተፈላው ቡና ይጠጣል፤ ከቤቷ የተቀዳ ውሃ ግን አይጠጣም። ይህ ነገር ዛሬ በከተማም በገጠርም እየቀለለ መጥቷል፤ ጨርሶ ጠፍቷል ለማለት ግን አያስደፍርም። አንቺም ብትሆኚ በልጅነትሽ ሳትሰሚው ያደግሽ አይመስለንም።

ነገሩ ከየት መጣ? በጎጃም መሬት የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት ደግሞ በአጥንት ይቈጠራል፤ አያት ቅድመ አያቱን ቈጥሮ ከአቅኚው አባት የደረሰ ድርሻውን ይጠይቃል። መቁጠሪያ የሌለው ሰው መሬት የለውም። መሬት የሌለው በእጁ ሥራ ይኖራል። በእጁ ሥራ የኖረውን ደግሞ ዘመድ አድርጎ ርስት ላለማካፈል ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ «ሰው አይደለም፣ ጅብ ነው» ማለት ነው። የቡዳ ወሬ መነሻው ሁሉ ይህ ብቻ ነው አንልም፤ እሳትና ብረት የሚገዛ ሰው በብዙ አገር ሲፈራ ኖሯል። ወሬው ማንን እንደ ጠቀመ ግን ለማየት አያስቸግርም። ደግሞስ ጌታችን በጠራቢ ቤት አደገ ብሎ የሚያምን ሕዝብ ጠራቢንና ቀጥቃጭን መናቁ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ልጅሽ አልጋ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ታገሺን።

ሕፃኑ ማታ ደኅና ነበር። ሌሊት ትኩሳት ያዘው፣ ቃዠ፣ አንቀጠቀጠው። አያትየው «ዓይን ነው፤ ትናንት ያቺ ሴትዮ አይታዋለች» አለች። ጤና አዳም ይፈለጋል፣ ጭስ ይጨሳል፣ ክታብ ይታሠራል። ሲብስም ሕመምተኛው እየታጠነ «ማን በላህ?» እየተባለ ይለፈልፋል። ትኩሳት ያናወዘው ልጅ አንድ ስም ሳይጠራ አይቀርም፤ የሚጠራውም ሲወራ የሰማውን ስም ነው። በዚያ ሰዓት ሁለት ጉዳት ይደርሳል። የተጠራችው ጎረቤት ያለ ምስክር ተፈርዶባታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ልጆቿም በሠፈሩ ውስጥ ሰው አይደሉም። ሁለተኛው ጉዳት በልጁ ላይ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ የወባ አገር ነው። የሚያንቀጠቅጥና የሚያቃዥ ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ የሳምባ ምች ወይም የማጅራት ገትር ሊሆንም ይችላል። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት እንዲያገኝ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ አደገኛው የወባ ዓይነት ሕፃንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላልና። አንድ ሌሊት በጭስ፣ አንድ ቀን በክታብ ካለፈ ያ ጊዜ አልቋል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ልጅ በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት ትምህርት ቤት መዋል ሲችል ስንቱ «ተበላ» ተብሎ ከጓዳ ተደብቆ ቀርቷል። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ። እናም እኅቴ፣ ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎ «የእኅትሽ ልጅ ዓይን በልቶት ተኝቷል» ቢሉሽ፣ መጀመሪያ «ደሙ ተመረመረ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የጎረቤቲቱን ስም ሊነግሩሽ ቢጀምሩ አታስጨርሻቸው።

ሕጉስ ምን አደረገ? እውነቱን ለመናገር ሕጉ ደጋግሞ ተናግሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባስነገሩት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ባለሙያውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቈጥሮ በእሥራት እንዲቀጣ አዝዘዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን እየሰደባችሁ ሙያን ከአገር አታጥፉ የሚል ነበር ቁም ነገሩ። በየካቲት 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ፣ ቁጥር 31፣ ርስትንና ጉልትን ሽሮ መሬት በራሱ ጉልበት ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ፣ የወንድና የሴት ልዩነት ሳይደረግ እንዲሰጥ ደነገገ። አጥንት መቁጠር በሕግ ፊት ዋጋውን ያጣው ያን ጊዜ ነው። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የገበሬውም የቀጥቃጩም ሚስት በአንድ ዳስ ተቀምጠው ፊደል የሚቈጥሩበት በር ተከፈተ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው፣ በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንደማይደረግ ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ያም ሆኖ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ሴቶች ድርሻ ያገኙት በዚያ ነው። በኋላም በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ተለጠፈ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ዐዋጅ ከመሶቡ ላይ አይቀመጥም። ሕፃኑ «ከእነ እገሌ ቤት እንዳትበላ» የሚለውን ቃል የሚሰማው ከፖሊስ ወይም ከዳኛ አይደለም፤ ከእናቱ ነው። እኛ እናቶች ይህን ስናምን ይከብደናል፤ ቢሆንም እውነት ነው። ወንድሜ፣ አንተም ጋዜጣውን ከሚስትህ ትከሻ በላይ የምታነብ ከሆነ ከነገሩ አላመለጥህም። «አባቱ ማን ነው? አያቱስ?» እያልህ ሽማግሌ የምትልክ አንተ ነህና።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ብቻውን አይደለም። በጃፓን አገር ቆዳ የሚያለፉና የሞተ ከብት የሚገፉ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው በየመንደራቸው ሲኖሩ፣ ሲናቁም ኖረዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ይህን የማዕርግ ልዩነት በዐዋጅ ሻረው። ሰዎቹም በ1922 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ለመብታቸው ተነሡ። ከዐዋጁ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የእነዚህን መንደሮች ስምና አድራሻ የያዘ መጽሐፍ በምሥጢር እየታተመ ለኩባንያዎች ሲሸጥ ተገኘ። ገዢዎቹ ሥራ ጠያቂው ወጣት ከየትኛው መንደር እንደ መጣ እያዩ ይመልሱት ነበር። ለልጆቻቸው ጋብቻ የሚጠነቀቁ ወላጆችም ዘር የሚያጣራ ሰው ይቀጥሩ ነበር። ፋብሪካና ፈጣን ባቡር ያለው አገር እንኳ በሠርግ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ይቈጥራል ማለት ነው።

የእኛ መቁጠሪያ ደግሞ ሰባት ቤት ይባላል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ትውልድ መቁጠሩ በራሱ ደግ ልማድ ነው። ችግሩ ቈጣሪዎቹ ዘመድ ፍለጋ ገብተው ሌላ ነገር ፈልገው መውጣታቸው ነው። «ከአምስተኛው ቤት ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች» ይባላል። «በእናቱ በኩል ባሪያ ነው» ይባላል። ባርነት በ1934 ዓ.ም በዐዋጅ የተሻረ ነገር ሆኖ ሳለ የአያት ስም እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስጠይቀው ወጣት አለ። ሁለቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው፣ ሥራ ይዘው፣ ቀለበት ገዝተው ሲያበቁ ነገሩ በአንድ ስልክ ይፈርሳል። ስልኩን የሚደውለው ብዙ ጊዜ ከተማ የተቀመጠው ቤተሰብ ነው፤ ከቢቸና ወይም ከሞጣ አንድ አሮጊት ይጠየቃሉ፣ እሳቸውም የሰሙትን ይናገራሉ። በሕጉ ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ነው። ያን ስልክ አለመደወል ግን ሕግ የሚያዝዝሽ ነገር አይደለም፤ አንቺው የምትወስኚው ነው።

ከጋብቻው በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ብዙ አይጻፍም። የባለሙያው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እናቱ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ቢሉህ ገበሬ ነው በል» ብላ ትመክረዋለች። ለደኅንነቱ ነው። ልጁም ይህን ተምሮ ያድጋል። በእረፍት ሰዓት ምሳውን ብቻውን ይበላል። ጭቃ የነካው የእናቱ እጅ ከጓደኞቹ ፊት እንዳይታይ ይጨነቃል። ከተማ ሲገባ ስሙን ይለውጣል፣ የተወለደበትን ቀበሌ ሌላ ያደርገዋል። እንዲህ የተማረ ልጅ የእናቱን ሙያ አይወርስም፤ ምን አድርጎ ይውረሰው! በአንድ በኩል «የአገር ባህል ጠፋ፣ እውነተኛ ጀበና ጠፋ» እያልን እናዝናለን፤ በሌላ በኩል ባህሉን የያዙትን ልጆች በእፍረት እናባርራቸዋለን።

ዕርቅስ እንዴት ይሆናል? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር እንጥቀስ። በአውስትራሊያ የጥንቶቹ የአገሩ ባለቤቶች፣ አቦሪጂኖች፣ መሬታቸውን በነጮች ተነጥቀው ኖረዋል። ከዚህም የባሰው ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት እስከ ሰባዎቹ ዓመታት ድረስ ብዙ ልጆቻቸው በመንግሥት ትእዛዝ ከእናቶቻቸው እቅፍ እየተወሰዱ በነጮች ዘንድ እንዲያድጉ መደረጋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው መራጭ ሕገ መንግሥቱ እነሱን የሚለይባቸው ቃል እንዲነሣ ፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቨን ራድ በምክር ቤት ቆመው ልጆች ለተወሰዱባቸው እናቶችና ለተወሰዱት ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ግን በየካቲት 2008 ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ። ያም ሆኖ በ2023 አቦሪጂኖች በሕገ መንግሥቱ የራሳቸው አማካሪ ድምፅ እንዲኖራቸው ሕዝቡ ሲጠየቅ አብዛኛው እንቢ አለ። ሕጉ ቀደመ፣ ይቅርታው ዘገየ፣ ሥልጣን ማካፈሉ ደግሞ ገና ነው።

በጎጃም ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደም የተቃባ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። የሚያጎነብሰው በዳዩ ነው። በባለሙያው ጉዳይ ግን ዕርቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመከረው ተበዳዩ ነው፤ «አንቺ ቻይው፣ እነሱ ባያውቁ ነው» ይባላል። ለዚህ ስድብ ድንጋይ ተሸክሞ የሸክላ ሠሪ ደጅ የቆመ ባላባት ስለ መኖሩ ሲነገር አልሰማንም። ሙሉ መንደር ሲሰድብ ማን ይሸከም? ቢባል ደግሞ ጥያቄው ተገቢ ነው። ምናልባት ድንጋዩ በየቤቱ ተከፋፍሎ መሸከም ይኖርበታል፤ አንዲት እናት የባለሙያዋን ልጅ ከልጇ ጋር በአንድ መሶብ ስታስቀምጥ፣ እድሩም ለሷ ቤት ለቅሶ ድንኳኑን ይዞ ሲደርስ።

የሞጣን ነገር ስናነሣ ሳንናገር የማናልፈው አንድ ቁስል አለ። በጎጃም ሙስሊሙም ቢሆን እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ ከርስት ውጭ ሆኖ በሽመናና በንግድ የኖረ ወገን ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወደሙ። ድርጊቱን ከሁለቱም ሃይማኖት ብዙዎች አወገዙት፤ ለመልሶ ግንባታውም ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣ። ግድግዳ በገንዘብ ይሠራል። ጎረቤት ከጎረቤት ቡና መጠራራት የሚጀምርበትን ቀን ግን ኮሚቴ አይወስነውም፤ ያም የሴቶች ሥራ ሆኖ ይገኛል።

በዚያው በአማራ ክልል ሌላ ዓይነት ምሳሌም አለ። በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ መተዳደሪያው በዋናነት ሽመና ነው። መጀመሪያ ጎረቤቶቻቸው ናቋቸው፣ ጠሏቸውም፤ በደርግ ዘመን ቀዬአቸውን ጥለው እስከ መሰደድ ደርሰዋል። ተመልሰው የሽመና መኪናቸውን ተከሉ፤ ወንዱም ሴቲቱም እኩል ይሠራሉ። ዛሬ አገር ጎብኚው የሚሄድባቸው እነዚያ ሸማኔዎች ናቸው። በአንጻሩ በጣና ዳር ታንኳ ከደንገል እየሠሩ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ጉማሬ ስለ በሉ ብቻ ለዘመናት እንደ ርኩስ ሲቈጠሩ ኖረዋል፤ ሐይቁ የእነሱ ሆኖ ሳለ የዳርቻው መሬት ግን የሌላ ሆነ።

አሁን ስለ ገንዘብ እንነጋገር፤ ክብር ያለ ገቢ አይጸናምና። የሸክላ ሠሪዋ ትልቁ ጠላት ክረምት ነው። አፈሩ አይደርቅም፣ ኩበቱ ይርሳል፣ ሜዳ ላይ ማቃጠል አይቻልም። ለዘመን መለወጫ ሁሉም አዲስ ጀበና በሚፈልግበት ሰሞን እሷ ዕቃም ገንዘብም የላትም፤ ከነጋዴ ተበድራ ትከርማለች፣ በመስከረም የምታቃጥለውን በነሐሴ ዋጋ አስቀድማ ትሸጣለች። ጣሪያ ያለው አንድ የማድረቂያ ዳስና አንድ የጋራ ማቃጠያ ይህን ዕዳ ይሰብረው ነበር። በደርግ ዘመን የእደ ጥበባትና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ባለሙያዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያደራጅ የነበረው አንዱ ለዚህ ነበር። ሥራው በትእዛዝ የሚካሄድ በመሆኑ ብዙው ማኅበር ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ለድኻ ሴቶች በቡድን ዋስትና ብድር ሲሰጥ ቆይቷል። እዚህ ላይ ነው ንቀቱ ወደ ሒሳብ የሚለወጠው። ዋስ የሚሆኑሽ ጎረቤቶችሽ ናቸው፤ ከቤቷ ውሃ ለማይጠጣላት ሴት ማን ዋስ ይሆናታል? ባለሙያዎቹ ለብቻቸው ይደራጁ ቢባል መገለሉ ይቀጥላል፤ ከሌላው ጋር ይደራጁ ቢባል ሌላው አይቀበላቸውም። የቀበሌ ሠራተኛ የሆንሽ እኅቴ ይህን ስታደራጂ እንድታስቢው ነው ያነሣነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድና ገበያ በዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ማሳ የሌላት ሴት ከማንም በፊት እንደምትራብ ግልጽ ነው፤ ሸክላ አይበላም።

ቢቸናና ሞጣ ሩቅ ናቸው ካልሽ ቀጨኔ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በቀጨኔ ሠፈር ሸክላ ሠሪ እናቶች ይኖራሉ፤ የቡዳውም ወሬ ከአገር ቤት ተከትሏቸው ከተማ ገብቷል። ማገዷቸውን ከእንጦጦ ተሸክመው እያወረዱ፣ ጭሱን በየግቢያቸው እየዋጡ የከተማውን ጀበናና ምጣድ ይሠራሉ። ከመርካቶ በደላላ እጅ ከምትገዢ አንድ ቀን ራስሽ ሄደሽ ከሠሪዋ ግዢ። ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ምጣድ ከጭቃ እንዴት እንደሚወጣ ትይ። ዋጋ ቀንሺ ከማለትሽ በፊት «በዚህኛው ማቃጠል ስንት ፈነዳብሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ቡና ካቀረበችልሽም ተቀመጪና እስከ በረካው ጠጪ።